ፋውንቴኑ ይቅርና ምንጩን አሳዩን

ባለፈው ወር አንድ እሁድ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስንወጣ ሰባት ዓመት የሞላት ልጄ ከሚኒባሱ መስኮት አልነቀል ብላ ነበር። ሐረጎን ተጠማዝዘን ጨርሰን ከተማ ገባን። ወርደን ባጃጅ ስንጠብቅ አጠገባችን የቆመ የታክሲ ረዳት «ቧንቧ ውሃ! ቧንቧ ውሃ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል። ልጄ እጄን ጎተት አደረገችኝ።

«እማዬ፣ ቧንቧ ውሃ ይሸጣል እንዴ?»

ረዳቱ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። የሰፈር ስም እንደሆነ ነገርኳት።

«ለምን ቧንቧ ውሃ ተባለ?»

«ድሮ ቧንቧ ስለነበረበት ይሆናላ።»

«ከቧንቧው በፊትስ ውሃ ከየት ነበር የሚጠጡት?»

መልስ አጣሁ። ደሴ ተወልጄ ደሴ ያደግኩ ሰው ነኝ። ይህን ስም ከልጅነቴ ጀምሮ በየቀኑ ስሰማው ኖሬ ውስጡ «ውሃ» የሚል ቃል መኖሩን እንኳ ልብ ብዬ አላውቅም። ልጆች ደግ ናቸው፤ መልስ ስናጣ ወዲያው ሌላ ነገር ይጠይቁናል። የዚያን ቀን ግን ጥያቄዋ አልለቀቀኝም፤ ምክንያቱም ቦርሳዬ ውስጥ ስለ ውሃ የጻፍኩት ባለ ቀለም ሰነድ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ በምትኖርበት ሰፈር መሃል አንድ ባዶ ቦታ አለ። ልጆች ሳለን ሱዚና ብይ የተጫወትንበት፣ ድንኳን ሲተከል ለቅሶውም ሠርጉም የሚሆንበት ቦታ ነበር። ዛሬ ግን የፍርስራሽ ድንጋይ፣ የላስቲክ ከረጢትና ያረጀ ጫማ የሚደፋበት ሆኗል። የኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ክልል ከተሞች ሲመጣ የሰፈሩ ሰዎችም «እኛስ የራሳችንን ደጅ ለምን አናስውብም?» ብለው ከእድሩና ከወጣቶቹ የተውጣጣ ኮሚቴ አቋቋሙ። ከዚያ ስልኬ ጠራ። «አንቺ የማርኬቲንግ ባለሙያ አይደለሽ? ስፖንሰር የሚያመጣ ፕሮፖዛል ጻፊልን» አሉኝ።

እኔም ጻፍኩ። አሥራ አራት ገጽ ሆነ። መሃል ላይ ማታ ማታ ቀለሙን የሚቀያይር ፋውንቴን፣ ፊት ለፊቱ በትልልቅ ፊደላት የከተማዋ ስም፣ ከጎኑ ፎቶ መነሻ፣ ጥግ ላይ የቡና ኪዮስክ። ስፖንሰር ምን እንደሚወድ አውቃለሁ፤ በዚህ ሥራ ስምንት ዓመት ቆይቻለሁ።

አክስቴ ቡናውን እያቀራረበች ሥዕሉን ተቀበለችኝ። መነጽሯን አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ያምራል ልጄ። ይሄ ውሃ ግን ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከቧንቧ ነዋ፤ በሞተር እየተሽከረከረ ይረጫል።»

«እኛ በፈረቃ በጄሪካን እያጠራቀምን፣ እሱ ሜዳ ላይ ሊረጭ?» ሥዕሉን አጣጥፋ መለሰችልኝ። «ደግሞ ምንጩ ከሥሩ እያለ! ረሳሽው እንዴ?»

አዎ፣ ረስቼው ነበር።

የኅዳር ወር ውሃ

ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ነበር። እኔ ያኔ የሦስት ዓመት ልጄን አቅፌ አክስቴ ቤት ነበርኩ። መብራት ጠፋ፤ ቀጥሎ ቧንቧው ደረቀ። በአራተኛው ቀን የሰፈሩ ጄሪካኖች በሙሉ ባዶ ሆኑ። ከቤት ወጥቶ ራቅ ብሎ መሄድ ደግሞ የሚሞከር አልነበረም።

ጎረቤታችን የነበሩት ሼኽ ዕድሜያቸው ከሰማንያ በላይ ነበር። ከዘራቸውን ይዘው ወደዚያ ባዶ ቦታ ወጡና የቆሻሻውን ክምር በከዘራቸው ነካ አድርገው ወጣቶቹን ጠሩ። «ይህን አንሱት። ከሥሩ ዓይኑ አለ» አሉ። ግማሹ በአካፋ፣ ግማሹ በእጁ ከጠዋት እስከ ቀትር ቆፈሩ። መጀመሪያ በሥርዓት የተደረደረ የድሮ ድንጋይ ብቅ አለ። ቀጥሎ ጭቃ፤ ከዚያም ደፍራሽ ውሃ። ሲመሽ ውሃው ጠርቶ የእጅ ጣት የሚያህል ሆኖ ይፈስ ነበር።

ወረፋውን ያስጠበቀችው ከቦታው ከፍ ብላ የምትኖር እንጀራ ሸጣ የምታድር ጎረቤታችን ናት። መጀመሪያ ሕፃን የያዙ፣ ቀጥሎ በሽተኛ ያለባቸው፣ ከዚያ ሌላው። ማን የማን ሃይማኖት ነው ተብሎ የሚጠየቅበት አልነበረም፤ ወሎ ነዋ! ውሃውን በነጠላ አጥልለን፣ በእንጨት አፍልተን ጠጣን። ልጄ ያን ሰሞን የጠጣችው አጥሚት በዚያ ውሃ የተሠራ ነው። እኔ ሳለቅስ ሼኹ ያሉኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «አብሽሪ!»

ወሩ አልፎ ቧንቧው ተመለሰ። ዓመት ሳይሞላ ቆሻሻውም ተመለሰ። ሼኹ አምና አረፉ። እኔ ደግሞ አራት ዓመት እንኳ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ልጄን ያተረፈው ምንጭ ላይ ሲሚንቶ አፍስሼ በላዩ የውሸት ምንጭ የሚተክል ባለ አሥራ አራት ገጽ ሰነድ ጻፍኩ። ይህን ስጽፍላችሁ አሁንም ፊቴ ይቀላል።

ጀርባችንን የሰጠነው ወንዝ

ራሴን ከወቀስኩ በኋላ ጥያቄው ሰፋብኝ። እንዲህ የረሳነው ምንጭ አንድ ብቻ ነው?

ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በመሃላቸው ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ ማለት ነው። እኛ በመኪና ሐረጎን ስንጠማዘዝ ቦርከና ወንዝ በዶሮ መዝለያ ጠባብ ገደል ውስጥ ሾልኮ ይወርዳል። ገደሉ ከመጥበቡ የተነሳ ዶሮ እንኳ ትሻገረዋለች የሚል ስም ተሰጥቶታል። ወንዙ ከዚያ ኮምቦልቻን አቋርጦ ወደ ከሚሴ አቅጣጫ፣ ወደ ጨፋ ረግረግ ይሄዳል። ጨፋ በበጋ ሳር ሲጠፋ የአፋርና የአካባቢው አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው የሚደርሱበት ነው። በመጨረሻም ውሃው አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ ጂቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። እኔ ደሴ ላይ ቦይ ውስጥ የጣልኩት ነገር የአንድ አርብቶ አደር ላም የምትጠጣው ውሃ ላይ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው።

እስኪ ቦርከናን ከድልድይ ላይ ቁልቁል ተመልከቱት። ግራና ቀኝ ያሉት ቤቶች ፊታቸውን ለአስፋልቱ፣ ጀርባቸውን ለወንዙ ሰጥተዋል። ለወንዙ የደረሰው የማድ ቤታችን እጣቢና የሽንት ቤታችን ቱቦ ነው። እንግዳ ሲመጣ ሳሎናችንን እናሳያለን እንጂ ጓሯችንን አናሳይም። ወንዛችን የከተማው ጓሮ ሆኗል።

ይህ የሆነው በክፋት አይደለም። እናቴ ልጅ ሆና እንስራ ተሸክማ ስለወጣችው ዳገት ስታወራ እጇ ሳታስበው ወደ ወገቧ ይሄዳል። ቦኖ ሰፈር ሲገባ፣ ቀጥሎም ቧንቧ ግቢ ሲገባ የስንቱ ሴት ወገብ እንዳረፈ እግዜር ይወቀው። «ድሮ ቀረ» ብዬ የማለቅስ ሰው አይደለሁም፤ ቧንቧውን እወደዋለሁ። ግን ውሃ መቅዳት ሲቀር ምንጩን መጠበቅም አብሮ ቀረ። ድሮ ምንጭ የሚያቆሽሽ ልጅ ጎረቤት ሁሉ ይቆጣው ነበር። የማይቀዳበትን ውሃ ማን ይጠብቃል?

ጉዳቱ ደግሞ በሽታ ብቻ አይደለም። በቆርቆሮ፣ በአስፋልትና በሲሚንቶ በሸፈንነው መሬት ላይ የሚወርደው የክረምት ዝናብ መስረጊያ ያጣል። ያገኘውን ሁሉ ይዞ ቁልቁል ይሮጣል። ቦረቦሩ፣ መንገድ የሚዘጋው ናዳ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቤት የሚገባው ጎርፍ ለደሴ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ውሃው መንገዱን አልረሳም፤ የረሳነው እኛ ነን።

ስማቸው የሚመሰክር ከተሞች

ሀገራችን ከተማ ስትሰይም ውሃን ትወዳለች። ባሕር ዳር ስሟ ሐይቁ ዳር መቀመጧን ይናገራል፤ ሰውም ፊቱን ወደ ጣና አዙሮ ይዝናናል። አርባ ምንጭ ከስሟ በላይ ማስረጃ አያስፈልጋትም። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄዱ ከተማው ራሱ ሐይቅ ነው የሚባለው። አዲስ አበባም ብትሆን የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ የፍል ውሃውን አካባቢ ወደውት ነው።

ይሁንና አዲስ አበባም ወንዞቿን እንደኛው ጓሮ አድርጋ ኖራለች። በ2011 ዓ.ም. «ሸገርን ማስዋብ» የተባለው የወንዞች ዳርቻ ፕሮጀክት ይፋ ሲሆን ዕቅዱ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን፣ 29 ቢሊዮን ብር የሚፈጅ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ለዚሁ ገንዘብ ማሰባሰቢያ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የአንድ ሰው መግቢያ 5 ሚሊዮን ብር የሆነ እራት ተበልቷል! እኛ የማርኬቲንግ ሰዎች ስለዚያ እራት እስካሁን እናወራለን። ከዚያ ወዲህ ልጆቻችንን ይዘን የምንሄድባቸው መናፈሻዎች ተከፍተዋል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከባዱ ሥራ ግን ከድንጋዩና ከአበባው ኋላ ያለው ነው፤ ወደ ወንዙ የሚገባውን ፍሳሽ ከላይ ከምንጩ ማስቆም።

የደቡብ ኮሪያዋ ሴኡልም በዚህ ነገር ስሟ ይነሳል። ቾንግጌቾን የሚባለው ወንዟ ለብዙ ዓመታት በኮንክሪት ተከድኖ በላዩ የመኪና ማሳለጫ ተሠርቶበት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2005 ማሳለጫውን አፍርሰው 5.8 ኪሎ ሜትር ያህሉን ገለጡት። ዛሬ የቢሮ ሠራተኛ ምሳ ሰዓት ላይ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ይቀመጣል። ታሪኩ ግን ሌላም ገጽ አለው። ውሃው በአብዛኛው ከሌላ ትልቅ ወንዝ በሞተር የሚሳብ ነው። ዳር ዳሩን ይነግዱ የነበሩ ብዙ ሰዎችም ቦታቸውን ለቀዋል። ለዚህ ነው «ምንጩ የት አለ? ማንስ ይነሳል?» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ለሴኡልም ለአክስቴ ሰፈርም እኩል የሚሠሩት።

ማሸጊያውና ዕቃው

ዩኒቨርሲቲ ስማር አንድ መምህራችን «መጥፎ ዕቃን በጥሩ ማስታወቂያ መሸጥ ዕቃውን ቶሎ መግደል ነው» ይል ነበር። ብዙ ሰው ገዝቶ ብዙ ሰው መጥፎነቱን ያውቃላ! የእኔ የመጀመሪያ ፕሮፖዛል ልክ እንደዚያ ነበር፤ ማሸጊያው ያበራል፣ ውስጡ ዕቃ የለም።

ይህን ያረጋገጠልኝ ደግሞ አንድ ስፖንሰር ነው። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ጨርቃጨርቁ፣ ቆዳው፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ አለ። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመርቋል። እንጀራችን ከዚያ ነው፤ የእኔም ጭምር። ከከተማዋ ፋብሪካዎች የሚወጣ ፍሳሽ ወደ ቦርከና ገባር ወንዞች እንደሚገባ፣ ውስጡም እንደ ክሮሚየም ያሉ ብረቶች እንዳሉ ውሃውን ቀድተው የመረመሩ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ስሙን የማላነሳው የአንድ ድርጅት ኃላፊ ፕሮፖዛሉን ሳሳያቸው በጣም ወደዱት። «ሎጎአችን ፋውንቴኑ ላይ ጎልቶ የሚታይ ከሆነ እንነጋገራለን» አሉኝ። እኔም እንደ ቀልድ አድርጌ «ከናንተ ግቢ የሚወጣው ቦይስ?» ብዬ ጠየቅኩ። ሳቁና «እሱ ሌላ ክፍል ነው» አሉኝ።

አልፈረድኩባቸውም። እኔም ወንበራቸው ላይ ብሆን ይህንኑ ልል እችላለሁ። ውሃው ግን ክፍል የለውም። ማርኬቲንግ፣ ምርት፣ ጽዳት ብሎ አይከፋፈልም፤ ሁሉንም ይዞ ይወርዳል።

ሦስት ገጽ

አሥራ አራቱን ገጽ ቀድጄ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። የነገረችኝ አክስቴ ናት፤ እኔ ያስተካከልኩት ሰዋስዉን ብቻ ነው ብል ይቀላል።

የመጀመሪያው ሥራ ከላይ ነው። ወደ ቦታው የሚወርደው ቦይ ላይ ቆሻሻ የሚይዝ ወንፊት፣ ከጎኑ የቆሻሻ ገንዳ። ሁለተኛው ምንጩን ማጎልበት፤ ዓይኑን በድንጋይ ከልሎ መክደን፣ ውሃውን በአጭር ቱቦ ማውጣት፣ ጎርፉ የሚያልፍበትን ሌላ መንገድ ማበጀት። ሦስተኛው የውሃውን መንገድ ማሳየት። ከምንጩ የሚወጣው ውሃ በቦታው መሃል፣ የልጅ ቁርጭምጭሚት በማያልፍ በድንጋይ በተነጠፈ ግልጽ ቦይ እንዲያልፍ ማድረግ። በጋ ላይ ውሃው ቢያንስ እንኳ ድንጋዩ «እዚህ ጋ ውሃ ያልፋል» እያለ ይኖራል። ድንጋዩን የሚጠርቡት ኮብልስቶን የለመዱት የሰፈራችን ወጣቶች ናቸው።

ከታች በኩል ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ይቀመጣሉ፤ አንዱ ልብስ ማጠቢያ፣ አንዱ ለሰላት ውዱእ የሚያደርግ ሰው የሚቀመጥበት። ዳር ዳሩን ውሃ ዳር መብቀል የሚወደው ዶቅማና ትንሽ ራቅ ብሎ ወይራ ይተከላል። ባሕር ዛፍ ግን አይገባም፤ ውሃ መጣጭ ነው። የአረጋውያን መቀመጫ ፀሐይ በሚገባበት በኩል ይሆናል። ጀርባቸው ያለው ግድግዳ ላይ ደግሞ የሰፈራችን የውሃ ስሞች ይጻፋሉ፤ የምንጩ፣ የቦዩ፣ ድሮ ከብት ይጠጣበት የነበረው ጉድጓድ ስም። ሼኹ የሚያውቁትን ግማሽ ይዘው ሄደዋል፤ የቀረውን ግማሽ አክስቴና ሦስት አራት እኩዮቿ ያውቁታል።

በስብሰባው ቀን ወጣቶቹ ፊታቸው ጠቆረ። «ፎቶ የሚያስነሳ ነገር የለውማ!» አለ አንዱ። ልክ ነው፤ ምንጭ እንደ ፋውንቴን አያበራም። ከዚያ የባሰው መጣ። ያቺ በጦርነቱ ጊዜ ወረፋ ያስጠበቀችው ጎረቤታችን ሽንት ቤቷ ከምንጩ በላይ፣ አሥራ አምስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። ሽንት ቤት ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ፣ ከተቻለም ከምንጩ በታች በኩል መሆን እንዳለበት የጤና ባለሙያዎች ይመክራሉ። የኮሚቴው አንድ አባል «እንግዲህ ትነሳ፤ ለልማት ነው» አለ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ሴትየዋ እጇን አጣምራ በሩ ጋ ቆማለች። የተናገረችው አክስቴ ናት።

«ያኔ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ጀምሮ ቆማ እያንዳንዳችሁን ያጠጣችው እሷ ናት። አሁን ውሃው ሲያምር እሷ ትሂድ? እንዲህ ከሆነስ ቆሻሻው ተመልሶ ይከደንበት!»

ብዙ ተነጋገርን። በመጨረሻ እድሩ የወሰነው ይህ ነው፦ ከወንፊቱም ከድንጋዩም በፊት የመጀመሪያው ገንዘብ ለሴትየዋ ከቤቷ ሌላኛ ወገን፣ ከምንጩ በታች በኩል አዲስ ሽንት ቤት ለማሠራት ይውላል። አሮጌው ጉድጓድ ይመጠጥና ይደፈናል። የምንጩ ቁልፍም እሷ ጋ ይሆናል። ፋውንቴኑን ያቀነቀነው ወጣት ሳይቀር እጁን አወጣ።

እስካሁን የተሠራው ትንሽ ነው። አዲሱ ሽንት ቤት አልቋል። ባለፈው ቅዳሜ ቆሻሻውን አንስተን የምንጩን ዓይን ገልጠነዋል። ትልቅ ስፖንሰር አልተገኘም፤ እስካሁን ያለን የእድሩ ገንዘብ፣ የወጣቶቹ ጉልበትና አንድ ጎረቤት የለገሰው ሁለት መኪና ድንጋይ ነው። ውሃውም ገና አይጠጣም። ይህን በተለይ እናቶች ልብ በሉልኝ። ከተማ ውስጥ ያለ ምንጭ ጠርቶ ስለታየ ብቻ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። አሮጌው ጉድጓድ በመደፈኑም መሬት ውስጥ የሰረገው በአንድ ጊዜ አይጠፋም። ላቦራቶሪ ሳይመረመር ለልጅ አይሰጥም፤ በችግር ቀን የግድ ከሆነም ተጣርቶና በደንብ ፈልቶ ነው። እኛም ናሙና እስኪመረመር ድረስ ለልብስና ለተክል ብቻ እንዲሆን ተስማምተናል።

ውድ አንባቢዎቼ፣ እናንተም የትም ከተማ ብትኖሩ በዚህ ወር ከልጆቻችሁ ጋር አንድ እሁድ ይህን ሞክሩት። ከቤታችሁ የሚወጣው ውሃ የት እንደሚገባ በእግር ተከተሉት። ሰፈራችሁ ውስጥ በዕድሜ ትልቁን ሰው «ቧንቧ ሳይገባ ከየት ትቀዱ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን በስልካችሁ ቅዱት። ሰፈራችሁ ሊዋብ ነው ተብሎ ሥዕል ሲቀርብላችሁም ከመብራቱና ከአበባው በፊት አክስቴ የጠየቀችውን ጠይቁ፦ ውሃው ከየት ነው የሚመጣው? እኔ ደግሞ አንድ እጨምራለሁ፦ ማን ነው የሚነሳው?

ቅዳሜ ዕለት ልጄ ጫማዋን አውልቃ ቆማ ነበር። ውሃው ከድንጋዮቹ መሃል ሲወጣ የግራ እግሯን አስገባችና ከቅዝቃዜው የተነሳ ጮኸች።

«እማዬ፣ ቧንቧ ውሃ ይሄ ነው?»

«አይደለም» አልኳት። «ይሄ ከቧንቧው በፊት የነበረው ነው።»

አክስቴ ከኋላችን ሳቅ አለችና «ከቧንቧው በኋላም የነበረው ነው እንጂ!» ብላ አረመችኝ።